ወላስማ፦ ሹመት ሆኖ የቀረ የሰው ስም



እሑድ ሰንበቴ ገበያ መሐል ቆማችሁ ጆሯችሁን ብትጥሉ የይፋት ስም ሁሉ በአጠገባችሁ ያልፋል። እንድሪስ ይጠራል፣ ከድር ይጠራል፣ ሰይድና ይመር ይጠራሉ፤ ፋጡማና ዘነበች በበርበሬ ዋጋ ይከራከራሉ። አፋሩም፣ አርጎባውም፣ አማራውም፣ ኦሮሞውም የየራሱን ስም ይዞ ገበያ ይወርዳል። «ወላስማ!» ብሎ ልጁን የሚጣራ አባት ግን በአንድ ገበያ ቀን ቀርቶ ዓመቱን ሙሉ ብትመላለሱ ላይገጥማችሁ ይችላል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ስም ነው። ከየት መጣ? ምን ማለት ነው? ይህን የይፋት ምድር ያስተዳደሩ ነገሥታት የተጠሩበት ስም እንዴት ከልጆች ስም ተራ ወጣ?

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ። «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር ዓመት ስጠቅስ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሰነዶቹ ግማሾቹ በሂጅራ፣ ግማሾቹ በእኛ ስለሚቆጥሩ ሦስቱን ካደባለቅሁ እናንተም እኔም እንጠፋለን።

ስለ ስሙ መነሻ ሰፋ አድርጎ የጻፈልን ግብፃዊው የታሪክ ሰው አል-መቅሪዚ ነው። በ1430ዎቹ መካ ተቀምጦ ሳለ ስለ ሐበሻ ሙስሊም ገዥዎች የሰማውን በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሰባሰበ። እሱ እንደሚለው ዘራቸው ከቁረይሽ ነው የሚባል ሰዎች ከሒጃዝ ተሻግረው ጀበርታ በሚባለው አገር ሰፈሩ፤ ከዚያም ይፋት ገቡ። ከእነዚህ ሰዎች ልጆች አንዱ ዑመር የሚባል ነበር፤ ቅጽሉ ወላስማ። የሐበሻው ንጉሥ ይፋትን እንዲያስተዳድሩ ሾሟቸው፤ ሹመቱም ለልጅ ልጅ ተላለፈ። ቤቱ ራሱ ያስጻፈው ታሪክ ደግሞ የዘር ሐረጉን ወደ ዓሊ ልጅ ወደ ሐሰን ይስበዋል። ሁለቱ ትረካ አይገጥምም፤ መግጠምም የለበትም። በሙስሊሙ ዓለም ብዙ ገዥ ቤት ዘሩን መካ ያደርሳል፤ የእኛም ነገሥታት ኢየሩሳሌም አድርሰውታል። በዚህ በኩል ወላስማዎቹና ሰሎሞናውያኑ ወንድማማች ናቸው።

ሌላው ሰነድ የበለጠ ደረቅ ነው፤ ለእኔ ግን የበለጠ ይጣፍጠኛል። ኢጣሊያዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1941 ያሳተመው አጭር የዓረብኛ የዘመን መዝገብ ነው። ከወላስማ ቤት በፊት በዚህ በሸዋ ምሥራቅ የማኽዙሚ ቤት የሚባል ሱልጣኔት እንደነበረ የሚነግረን ይህ መዝገብ ነው። ማን ነገሠ፣ ማን ሞተ፣ ማን ተሰደደ ከማለት የዘለለ ወሬ የለበትም። ከሚጠቅሳቸው ሰዎች ቀዳሚዋ ሴት ናት፤ በ1063 ያረፉት ንግሥት ባዲት፣ የማያ ልጅ። ሰነዱ ውስጥ የመጨረሻዎቹን ሱልጣኖች ስም ስታነቡ ትደነግጣላችሁ፦ ግራም ጋዚ፣ ድል ጋሚስ፣ ድል ማራ። እነዚህ ሙስሊም ገዥዎች ናቸው፤ ስማቸው ግን ከዓረብ አገር የመጣ አይደለም። ቼሩሊ ስሞቹ ከኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋ የተወለዱ ናቸው ብሎ አንብቧቸዋል። «ድል» የሚለውን ለመስማት ደግሞ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

በ1285 የወላስማ ቤት ሰዎች ዘምተው የድል ማራን መንግሥት አፈረሱ። ሸዋ ላይ የሰሎሞናውያኑ መሥራች ይኩኖ አምላክ ከነገሡ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ሁለቱ ቤቶች፣ የደጋውና የቆላው፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ ተነሡ ማለት ነው። የመሥራቾቻቸውም ስም አንድ ዕጣ ገጠመው፤ ዛሬ ልጁን ይኩኖ አምላክ ብሎ የሚሰይም ጥቂት ነው፣ ወላስማ ብሎ የሚሰይም ደግሞ ከጥቂትም ያንሳል። ልዩነታቸው ይኩኖ አምላክ ግልጽ መሆኑ ነው፤ ግዕዝ ጥቂት የሚያውቅ ሁሉ «አምላክ ይሁነው» የሚል ምርቃት መሆኑን ይሰማል። ወላስማ ግን ዝም ያለ ስም ነው።

ታዲያ ምን ማለት ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍቺ «ወሊ አስማ» የሚል ነው። ወሊ የአላህ ወዳጅ ነው፣ አስማ ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ «ታላቁ ወሊ» ማለት ይሆናል። ያማረ ፍቺ ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም። በዓረብኛ ጽሑፎች ስሙ የሚያበቃው በዓይን ፊደል ነው። «ከፍ ያለ» የሚለው አስማ ግን መጨረሻው ላይ ዓይን የለውም። ዓይኑን ጠብቀን ካነበብነው ወደ መስማት ይወስደናል፤ ዓረብኛውም ግዕዙም ሰምዐ ይላሉና። ያኔ ግን መነሻው «ወል» ሜዳ ላይ ይቀራል።

ሌላም ምልክት አለ። አንዱ ጸሐፊ በሲን ይጽፈዋል፣ ሌላው በሺን። እኛም ዛሬ አንዳንዴ ወላስማ፣ አንዳንዴ ወላሽማ እያልን የምንጽፈው ከዚያ የወረስነው ነው። ዓረብኛ የተማረ ጸሐፊ የራሱ ቋንቋ ቃል በሲን ይሁን በሺን አይጠፋውም። የሚጠፋው በጆሮው ብቻ የሰማውን የሰው አገር ቃል ሲጽፍ ነው። የዑመር አባት ዱንያ ሑዝ የተባሉበት ስምም ከተለመዱት የዓረብ ስሞች ወገን አይመስልም። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ወላስማ እዚሁ አገር የተወለደ፣ የዓረብኛ ፊደል የለበሰ ቅጽል ስም ነው፤ «ወሊ አስማ» የሚለው ፍቺ ቤቱ ከከበረ በኋላ በልኩ የተሰፋለት ካባ ነው። ከእኔ የተለየ የሚያስብ ካለ ዓይኑን ምን እንዳደረገው ያስረዳኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በእኛ አገር የሰው ስም ዕድሜ አጭር ነው። የእኔ ስም ለልጄ የአባት ስም ይሆናል፣ ለልጅ ልጄ የአያት ስም ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ከመታወቂያም ከትምህርት ቤት መዝገብም ይወድቃል። ክርስቲያኑ ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጥር ለአፍታ ያስታውሰኝ ይሆናል፤ ሙስሊሙም የአያት ቅድመ አያቱን ስም የሚዘረዝር ሽማግሌ ካለው ያነሳኛል። ከዚያ ውጭ በቃኝ። የዑመር ቅጽል ግን አልወደቀም። የዓረብኛው የዘር ቆጠራ «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ» እያለ ወደ ላይ ሲወጣ መቆሚያው ሁልጊዜ ወላስማ ነበርና። ሱልጣኑ ማንም ይሁን ማን የስሙ ጭራ ወላስማ ነው። በሌላ አነጋገር የቤተሰብ ስም ሆነ፤ በአገራችን ብርቅ ነገር።

ብርቅ ነው ስል በሕግ የለም ማለቴ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንደሚኖረው ይናገራል። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊ ሊቅ ነበሩ፤ የአገራቸውን ልማድ ይዘው መጡ። ሕዝቡ ግን በጨዋ ደንብ አልሰማ አለ። እስከ ዛሬ በስም፣ በአባት ስምና በአያት ስም እንኖራለን። ሕግ ያልቻለውን ነገር የይፋት ቤት ከሰባት መቶ ዓመት በፊት በራሱ ጊዜ አድርጎት ነበር።

ቤቱ ለልጆቹ ያወጣቸው ስሞችስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። መሥራቹ የአገር ቅጽል ይዘው ተነሡ፤ ልጆቻቸው ግን ዘመናዊ ስም ፈለጉ። የዘመኑ ፋሽን ከግብፅና ከሶርያ የሚመጣው «-ዲን» ነበር። መጀመሪያ ይህ የልጅ ስም አልነበረም፤ ለገዥና ለጦር አለቃ የሚሰጥ የክብር ቅጽል ነበር። ዓለም ሰላሐዲን እያለ የሚጠራቸው ሰው እናታቸው ያወጣችላቸው ስም ዩሱፍ ነው። በይፋት ሐቀዲን፣ ሰብረዲን፣ ጀማለዲን፣ ሰዓደዲን ተከታትለው መጡ፤ የእምነት እውነት፣ የእምነት ትዕግሥት፣ የእምነት ውበት፣ የእምነት ዕድል እንደ ማለት ነው። በ1332 ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ጋር የተዋጉትን ሰብረዲንን የንጉሡ ዜና መዋዕል በግዕዝ ፊደል መዝግቧቸዋል። ደብተራው ጠላት ብሎ ሲጽፋቸው ስማቸውን ለእኛ አቆየልን።

እነዚህን ስሞች እዩዋቸው፤ ዛሬም በሕይወት አሉ። በይፋትም በወሎም በአዲስ አበባም ሰብረዲን፣ ሸምሰዲን፣ ነስረዲን፣ ሰይፈዲን የሚባል ሰው ታገኛላችሁ። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ረጅም ስም አይወድም፤ ሸምሰዲንን ሸምሱ፣ ነስረዲንን ነስሩ፣ መሐመድን ሙሄ ብሎ ይቆርጠዋል። ሰይፈዲን ሰይፉ ሲባል ከክርስቲያኑ ሰይፉ ጋር ይገጥማል፤ ከስሙ ብቻ ተነሥቶ ሃይማኖቱን ማወቅ አይቻልም። እኔ ይህን እወደዋለሁ። የክብር ቅጽል የነበረው ወርዶ የሰፈር ስም ሆነ፤ ማንም ለልጁ ያወጣዋል። ወላስማ ግን በተቃራኒው መንገድ ሄደ።

መንገዱን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ14ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ሁለተኛው ሐቀዲን የቤቱን ማዕከል ከይፋት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዳል ወሰዱት። ወንድማቸው ሰዓደዲን በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዘይላ ላይ ተገደሉ፤ ከዘይላ ፊት ለፊት ያሉት ደሴቶች እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ፣ አገሩም «የሰዓደዲን ምድር» ተባለ። ልጆቻቸው የመን ተሰደው ተመለሱ። ከእነሱ አንዱ በድላይ በ1445 ዳዋሮ ላይ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። በ1520 መቀመጫው ሐረር ገባ፤ ቀጥሎ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሥልጣኑን ሲይዙ የወላስማ ሱልጣኖች በስም ብቻ ቀሩ። በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቤቱ ከሐረርም ጠፋ።

ይፋት ላይ ግን ስሙ አልጠፋም። ይህ ነው የሚገርመው። ሱልጣኖቹ ከሄዱ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ የይፋትን ቆላ የሚያስተዳድሩት ሙስሊም ሹም ወላስማ መሐመድ ይባሉ ነበር። ወላስማ እዚህ ላይ ስማቸው አይደለም፤ ስማቸው መሐመድ ነው። ወላስማ እንደ ራስ፣ እንደ ደጃዝማች ከስም ፊት የሚቀድም ማዕረግ ሆኗል። ድሮ ከስም ኋላ ይከተል የነበረው ቃል ከስም ፊት መጣ።

በዚያ ዘመን ሸዋ የደረሱ የውጭ አገር ሰዎች ስለ እኚህ ሰው ጽፈዋል። ሚሲዮናውያኑ ክራፕፍና ኢዘንበርግ በ1839 መጡ። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ በ1841 መጡ፤ ሐኪሙ ጆንስተን በማግሥቱ ዓመት አልዩ አምባ ተቀመጡ። ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠ ሲራራ ፋሬ ሲደርስ በወላስማው እጅ ነው የሚወድቀው። ጨውም፣ ጨርቅም፣ መሣሪያም፣ ፈረንጅም በእሳቸው ፈቃድ ነው ወደ አንኮበር የሚወጣው። ሃሪስ በዚህ ብዙ ተበሳጭተዋል፤ መጽሐፋቸውም ላይ ወላስማውን ክፉኛ ወርፈዋቸዋል። እኔ ግን ለወላስማው አዳላለሁ። የሰው አገር መልእክተኛ ኮተቱን በግመል ጭኖ ሲመጣ አስቁሞ «ምን ይዘሃል?» ማለት የበረኛ ሥራ ነው።

ወላስማው ሌላም ሥራ ነበራቸው። ጎንቾ በሚባል ቦታ የንጉሡ እስር ቤት ነበር፤ ዙፋን ሊሹ ይችላሉ የተባሉ የንጉሡ ወንድሞች የሚጠበቁት እዚያ ነው። ክርስቲያኑ ንጉሥ የገዛ ወንድሞቹን የሚያስጠብቀው በሙስሊሙ ወላስማ ነው፤ ወላስማው መቼም ቢሆን የሸዋን ዙፋን አይመኝማ። ብልህ አሠራር ነው፤ ጭካኔውን ግን አይሽረውም። ዛሬ በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ የሚያልፍ ሰው የይፋቷ ሸዋ ሮቢት ስትጠራ መጀመሪያ ትዝ የሚለው ማረሚያ ቤቱ ነው። ከሽንኩርቱና ከማሾው በፊት ማለት ነው፤ ያሳዝነኛል። ይፋት እስረኛ ሲጠብቅ የቆየ አገር ነው፤ ይህን ዕጣ ግን ሸዋ ሮቢት አላመጣችውም።

ታዲያ ሹመቱ ሲቀር ስሙ ለምን ወደ ልጆች አልተመለሰም? ማዕረግ ወደ ሰው ስም መውረዱ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። መኰንን ሹም ነበር፣ መስፍን ገዥ ነበር፤ ዛሬ በየክፍሉ አሉ። የሸዋ ገዥዎች መርዕድ አዝማች ይባሉ ነበር፤ መርዕድ የሚባል ሰው አሁንም ታገኛላችሁ። በሙስሊሙም ወገን ሱልጣንና አሚር የልጅ ስም ሆነዋል። ኢማም በወሎና በይፋት አፍ ይማም ሆኖ አገሩን ሞልቶታል። ሰይድ የነቢዩ ዘር የሚጠራበት ክብር ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የሁሉም ነው፣ ማንም «ዘርህን አሳየኝ» አይለውም።

ለእኔ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ መኰንንም ሱልጣንም የማንም ቤት አይደሉም፤ ትርጉማቸው ግልጽ ነው፣ አባት ለልጁ የሚመኘውን ይናገራሉ። ወላስማ ግን የአንድ ቤት ነው። ልጁን በዚህ ስም የሚጠራ ሰው «አንተ ከእነሱ ነህ እንዴ?» መባሉ አይቀርም፤ ነኝ ካለ ማስረዳት አለበት፣ አይደለሁም ካለ ደግሞ ለምን ወሰድከው ይባላል። ሁለተኛው የትርጉሙ ዝምታ ነው። የእኛ ሰው ስም ሲያወጣ ስሙ እንዲናገር ይፈልጋል። ይመር፣ ይርጋ፣ ይልማ ሁሉም ምርቃት ናቸው። አያት «ምን ማለት ነው?» ብላ ስትጠይቅ መልስ የሌለው ስም ሕፃን ላይ አይወጣም። «ወሊ አስማ» የሚለው ፍቺ የተፈጠረውም ይህን ክፍተት ለመሙላት ይመስለኛል፤ ግን ዘግይቶ ደረሰ።

ስለዚህ ወላስማ ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚገኘው ድንጋይ ላይ ነው። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ፍራንስዋ-ግዛቪዬ ፎቬልና በርትራን ኢርሽ፣ ኋላም አሜሊ ሼክሩን፣ በዚህ በይፋት ተዳፋት ላይ ያሉ የድሮ ሙስሊም ከተሞችን ሲያጠኑ ቆይተዋል። ኖራ አንዱ ነው፤ የድንጋይ መስጊዱ ግድግዳ ዛሬም ይታያል። አስበሪ እና መሰል የሚባሉት ደግሞ ሌሎቹ ናቸው። በ2017 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ቤሪ ኢፋት በተባለው ቦታ ያለው መቃብር የወላስማ ቤት መካነ መቃብር፣ ከተማውም የድሮዋ የይፋት መዲና መሆኑን አስረድተዋል። ለዚህ ያበቃቸው በመቃብር ድንጋዮቹ ላይ የተቀረጸው የዓረብኛ ጽሑፍ ነው፤ ከዚያው ቤት የወጡ ሰዎችን ስም ይጠራል። የግብፅ ጸሐፊ ከሩቅ የሰማውን ስም እዚሁ የቆላው ጠራቢ በመሮው ቀርጾታል።

አንድ ነገር ለምኜ ልጨርስ። እርከን ስትሠሩ፣ ቤት ስትሠሩ፣ መሬት ስትመነጥሩ ፊደል ያለበት ድንጋይ ቢወጣባችሁ አታንሱት። ለመሠረት አመቺ ስለሆነ እየተወሰደ ብዙ ጠፍቷል፤ ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ደግሞ የማን መቃብር እንደነበር አይናገርም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል፤ እናንተም ለወረዳችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ስልክ ያለው ፎቶ ያንሳው። በዓረብኛ የተጻፈ የዘር ሐረግ በቤቱ ያለ ሽማግሌም ልጁን ጠርቶ ያስነብበው፣ ያስገልብጠው፤ ወረቀቱ ከሣጥኑ እንዳይወጣ ከፈለገ አይውጣ፣ ቅጂው ግን ይኑር።